የማን ቤትሆቨን?

ክረምት ነው። ጎንደር፣ ፒያሳ አንድ ጁስ ቤት ውስጥ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ጮኸ። አዘዞ ያለው ጓደኛዬ ነው። «የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ እየሰማሁ ነው። ጉድ ነው!» ይላል መልእክቱ።

«የማንን?» ብዬ መለስኩለት።

«ቤትሆቨን አልኩህ እኮ!» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። እኔም ከጥቂት ዓመት በፊት እንደዚሁ ነበር የምመልሰው። ግን እስቲ «ትዝታ እየሰማሁ ነው» ብሎኝ ቢሆንስ? «የማንን?» ስለው ግራ አይጋባም። ወዲያው «የበዛወርቅን» ወይም «የመሐሙድን» ይለኛል። «የጌታቸው ካሳን» ካለኝማ ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ ፈጣኑን ነው ቀስ ያለውን? ሁለቱንም ቀርጾታልና። ይሄን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። እንዲሁ እናውቀዋለን።

ክላሲካል ላይ ስንደርስ ግን እውቀታችን ይጠፋብናል። የደራሲውን ስም ስንሰማ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ዛሬ ላብራራው የፈለግኩት ይሄንኑ ነው። አንድ ሰው «ይሄን ክላሲካል እየሰማሁ ነው» ሲላችሁ ምን እያላችሁ ነው? እናንተስ ለሌላ ስትነግሩ ምን ምን ብትሉ ነው ሰውየው ያንኑ የሰማችሁትን ድምፅ ፈልጎ የሚያገኘው? (ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሸክላዎቹ ላይ የታተመው እንደዚያ ስለሆነ ስትፈልጉ ይቀላችኋል።)

ከወረቀቱ እንጀምር። ሲምፎኒ ማለት ለኦርኬስትራ የተጻፈ፣ ብዙውን ጊዜ አራት ክፍል ያለው ረጅም ሥራ ነው። ቤትሆቨን አምስተኛውን ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማው ቪየና ውስጥ፣ በዲሴምበር 1808 ነው። የሞተው በ1827። ኤዲሰን ድምፅ ቀርጾ መልሶ የሚያሰማ ማሽን የሠራው ደግሞ በ1877። ስለዚህ ያ ምሽት እንዴት እንደነበር የሚያስታውሰን ምንም ድምፅ የለም። የቀረልን ኖታው ነው።

ኖታ ብዙ ነገር ይናገራል። የትኛው ድምፅ፣ በየትኛው መሣሪያ፣ ከጎረቤቱ ድምፅ ስንት እጥፍ ይርዘም፣ የት ላይ ጮክ፣ የት ላይ ዝግ ይበል። የማይናገረውም ብዙ ነው። «ጮክ» ሲል ምን ያህል ጮክ? «ፈጠን» ሲል እንደ ባጃጅ ነው እንደ በቅሎ?

የዚህን ሲምፎኒ አጀማመር ስሙን ባታውቁት እንኳ ሰምታችሁታል። ታ-ታ-ታ-ታም። ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። ረጅሟ ላይ ኖታው ትንሽ ቅስት ከነነጥቧ አስቀምጧል። «እዚህ ቆይ» ማለት ነው። ስንት ሰከንድ? አይልም። አንዱ የኦርኬስትራ መሪ በር አንኳኩቶ «ማነው?» እስኪሉት እንደሚጠብቅ ሰው ይይዛታል። ሌላው አንኳኩቶ ሳይከፈትለት ገፍቶ ይገባል። ዊልሄልም ፉርትቬንግለር በ1947 በርሊን ላይ የመራው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ድምፁ ከብዶ፣ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ካርሎስ ክላይበር በ1974 ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር የቀረጸው ግን ከኋላ እየገፋ ይነዳችኋል፤ ትንፋሽ አይሰጥም። ሁለቱም ፊት የተዘረጋው ኖታ ግን ያው ነው።

ደግሞ ቤትሆቨን ዝም ብሎ አልሄደም። ሜትሮኖም የሚባለው ቀጭ ቀጭ የሚል ምት ቆጣሪ በ1815 የፈጠራ መብት ወጣበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤትሆቨን ለሲምፎኒዎቹ ፍጥነት በቁጥር አሳተመ። ለአምስተኛው የመጀመሪያ ክፍል 108 ብሎ ጻፈ፤ በደቂቃ 108 ምት ማለት ነው። ታዲያ ክርክሩ ቆመ? ጭራሽ ባሰበት። ብዙዎች ቁጥሩ ከልክ በላይ ፈጣን ነው አሉ። አንዳንዱ «ሜትሮኖሙ ተበላሽቶ ነበር» ይላል። ሌላው «ጆሮው ስለደከመ በጭንቅላቱ ብቻ እየሰማ ነው የጻፈው» ይላል። ቁጥሩን ቃል በቃል ይዘው የሚመሩም አሉ። እኔ የማንም ወገን አይደለሁም፤ ጠዋት ፈጣኑን፣ ማታ ዘገምተኛውን ነው የምሰማው።

ይሄ ነገር ለጎንደር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። ጎረቤታችን አንድ የኔታ አሉ። ዕድሜያቸውን አቋቋም ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ቡና ስታፈላ ጎራ ይላሉ። አንድ ቀን ይሄን የወረቀትና የድምፅ ጉዳይ አነሳሁባቸው። ድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ በደቃቁ የሚጻፍ ምልክት አለ አይደል? በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሠሩት ነው የሚባለው።

«እሱን እያዩ ያልተማሩትን ዜማ ማዜም ይቻላል የኔታ?» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ምልክቱ ለሚያውቅ ነው ልጄ። ለማያውቅ የዝንብ እግር ነው።»

ከዚያ ቡናቸውን ረስተው ቀጠሉ። ያንኑ ቃል የቤተልሔም ሰው አንድ ዓይነት ያዜመዋል፣ የቆማ ሰው ሌላ፣ የአጫብር ሰው ሌላ። አቋቋሙም ላይ ቤት አለ፣ ታች ቤት አለ። ስለዚህ የአንድ መሪጌታ ስም ሲነሳ ሰው የሚጠይቀው «ምን አዜመ?» ብሎ አይደለም። እሱን ቀኑ ራሱ ይናገራል፤ የበዓሉ ቀለም የታወቀ ነው። የሚጠየቀው «የየት ቤት ነው? ከማን ተማረ?» ነው።

የፈረንጁ ኖታ ከድጓው ምልክት ጋር አንድ ነው እያልኩ አይደለም። የኔታ ቢሰሙኝ ይቆጡኛል። የፈረንጁ ያልተማሩትን ዜማ ከወረቀት እንዲያነቡት ተብሎ የተሠራ ነው፤ የእኛው የተማሩትን ያስታውሳል። ጥያቄው ግን እዚያም እዚህም ያው ነው።

ያን ቀን ትንሿን ስፒከሬን አምጥቼ አንድ ነገር አሰማኋቸው። ዮሐን ሰባስትያን ባኽ በ1741 ያሳተመው «ጎልድበርግ ቫርየሽንስ» የሚባል ሥራ አለ። አንዲት ለስላሳ ዜማ ትጀምራለች፤ አሪያ ይሏታል። ቀጥሎ 30 ጊዜ በተለያየ መልክ ይፈታታል፣ ይገጣጥማታል። መጨረሻ ላይ ያችው አሪያ ምንም ሳትለወጥ ትመለሳለች። ግሌን ጉልድ የሚባለው ካናዳዊ ፒያኒስት ይሄን ሥራ በ1955 ኒው ዮርክ ውስጥ ቀረጸው፤ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ስቱዲዮ። 22 ዓመቱ ነበር። ዓለም ጉድ አለለት። በ1981፣ በ48 ዓመቱ፣ እዚያው ስቱዲዮ ተመልሶ ያንኑ እንደገና ቀረጸው።

ለየኔታ ማን እንደሆነ ሳልነግራቸው መጀመሪያ የ1955ቱን አሪያ ከፈትኩ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

«ይሄ መንገደኛ ነው» አሉ።

የ1981ኛውን ከፈትኩ። ያችው አሪያ ሦስት ደቂቃ ገደማ ትወስዳለች። በአንዱ ድምፅና በሚቀጥለው መካከል የእናቴ ከሰል ሲንጣጣ ይሰማል። የኔታ ስኒያቸውን አስቀመጡ። እስኪያልቅ አልተናገሩም።

«ይሄኛው የሚሄድበት የለውም» አሉ በመጨረሻ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፦ «ግን ከበስተኋላ የሚያንጎራጉረው ማነው?»

ደነገጥኩ። እኔ ያን ነገር ለመስማት ወራት ፈጅቶብኛል፣ ያውም ሰው ነግሮኝ። የሚያንጎራጉረው ጉልድ ራሱ ነው። ሲጫወት ከአፉ ዜማ ይወጣዋል፣ አይታወቀውም። ስቱዲዮ ያሉ ባለሙያዎች ሊያስተዉት አልቻሉም። አባቱ ቆርጦ ባሳጠረለት ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ አንዳንድ ቀረጻ ላይ የወንበሩ ሲጥሲጥታም ይሰማል።

«ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው እኮ የኔታ፤ 26 ዓመት ነው መሃላቸው» ስላቸው ትክ ብለው አዩኝ።

«አርጅቶ ነዋ!» አሉ።

48 ዓመት እርጅና ነው አልልም። ግን ጉልድ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1982፣ በ50 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ እዚህ ላይ «ጎልድበርግ እየሰማሁ ነው» ማለት ምን ያህል ጎደሎ እንደሆነ አያችሁ። «የጉልድን» ብትሉም ገና ነው። «የጉልድን፣ የ1981ኛውን» ስትሉ ነው ነገሩ የሚያዘው። የመጀመሪያው በድምሩ 39 ደቂቃ አይሞላም። ሁለተኛው ከ51 ደቂቃ ያልፋል።

ግን ከድምር ርዝመት ፍጥነትን ለመገመት አትቸኩሉ። እኔ ተሳስቼበታለሁ። የባኽ ኖታ የእያንዳንዷን ቫርየሽን ሁለቱንም ግማሽ ሁለት ሁለት ጊዜ ተጫወት ይላል። ጉልድ በ1955 ድግግሞሹን ትቶታል፤ በ1981 አንዳንዶቹ ላይ መልሶታል። ስለዚህ 12ቱ ትርፍ ደቂቃ ሁሉ ዝግታ አይደለም። እንዲያውም 25ኛዋ ቫርየሽን ላይ፣ ያቺ የምታስለቅሰው ላይ፣ ወጣቱ ጉልድ ከትልቁ ጉልድ በጥቂት ሰከንድ ይዘገያል። 22 ዓመቱ ላይ ሐዘን ላይ መቆየት ይወድ ነበር መሰለኝ።

«የትኛውን?» ለሚለው ሌላም መልስ አለ። ባኽ ይሄን ሲጽፍ ለፒያኖ አልጻፈውም፤ ለሃርፕሲኮርድ ነው። ሃርፕሲኮርድ ክሩን እንደ ክራር ይቆነጥጠዋል። ፒያኖ በትንሽ መዶሻ ይመታዋል። በሃርፕሲኮርድ ይሄን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረጸችው ዋንዳ ላንዶቭስካ ናት፣ በ1933። ስለዚህ መሣሪያውም ይጠራል። «ጎልድበርግ በፒያኖ» እና «ጎልድበርግ በሃርፕሲኮርድ» ሽሮና ምስር ናቸው፤ ሁለቱም ወጥ ነው፣ ግን አንዱን አዝዞ ሌላው ሲመጣለት ዝም የሚል የለም።

ስለ መሣሪያ ካነሳን አይቀር «በጥንቱ መሣሪያ» የሚባል ነገር ታያላችሁ። በተለይ ከ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ አንዳንድ ሙዚቀኞች የባኽን ሙዚቃ በባኽ ዘመን መሣሪያ መጫወት ጀመሩ። ዋናው ለውጥ ክሩ ነው። የዛሬው ቫዮሊንና ትልቁ ዘመዱ ቼሎ ብረት ወይም በብረት የተጠመጠመ ክር አለው። የጥንቱ የበግ አንጀት ነው። ይሄንን ለማስረዳት ለእኛ ሰው ብዙ ቃል አያስፈልግም። በገና 10 ክር አለው፣ ክሩም ከበግ አንጀት ነው። ያ ሻካራ፣ ጉሮሮ ያለው የሚመስል ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ናይለን የገባበት ሲሆን ድምፁ ይጠራል፣ ያ ጉሮሮ ግን የለም። እዚያም እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ የጥንቱን የሚጫወቱት ብዙ ጊዜ ቅኝቱን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጉታል። የዛሬው ኦርኬስትራ የሚቃኝበት «ኤ» የሚባለው ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል፤ የእነሱ 415። ስለዚህ ሁለት ቀረጻ ስታወዳድሩ አንዱ ዝቅ ብሎ ከተሰማችሁ ስልካችሁ አልተበላሸም።

አሁን ቁጥሩ ላይ እንምጣ፤ ሰው የሚፈራው እሱን ስለሆነ። የሥራው ስም ጎን «ኦፐስ 67» ወይም «ኬ 550» የሚል ታያላችሁ። ኦፐስ ማለት «ሥራ» ማለት ነው፤ በአብዛኛው የኅትመት ተራ ቁጥር ነው። የቤትሆቨን አምስተኛ ኦፐስ 67 ነው። ሞዛርት አብዛኛውን ሥራውን ሳያሳትም ስለሞተ ኮኸል የሚባል ሰው በ1862 ሁሉንም ሰብስቦ ቁጥር ሰጠው፤ «ኬ» የሱ ስም መነሻ ናት። ባኽም የራሱ መዝገብ አለው፤ «ቢ.ደብሊው.ቪ» ይላል። ጎልድበርግ እዚያ 988 ነው።

ጥቅሙ ምንድነው? ሞዛርት ጂ ማይነር በሚባለው ቅኝት ሁለት ሲምፎኒ ጽፏል። አንዱ 25ኛው ነው፣ ኬ 183። ሌላው 40ኛው፣ ኬ 550። «የሞዛርትን ጂ ማይነር ሲምፎኒ ስሙ» ብላችሁ ብትልኩልኝ ግማሽ ዕድል አለኝ። ቁጥሩን ከጨመራችሁ አልሳሳትም። በቃ ይሄው ነው፤ የቀበሌ መታወቂያ ቁጥር በሉት። ቅጽል ስም ግን አትመኑ። ብዙውን ደራሲው አላወጣውም። ቤትሆቨን ኦፐስ 27 ቁጥር 2 የሆነችውን የፒያኖ ሶናታ «የጨረቃ ብርሃን» ብሎ አልሰየማትም፤ ስሙ የመጣው ከሞተ በኋላ ነው።

የማን ስም ይጠራ ለሚለው ደግሞ አጭር መልስ አለ። አንድ ሰው ብቻውን ከተጫወተ የሱ ስም ይበቃል። ኦርኬስትራ ከሆነ መሪውና ኦርኬስትራው። ኮንቸርቶ ከሆነ፣ ማለትም አንድ ብቸኛ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር ከሆነ፣ ሦስቱም። ኦፔራ ከሆነ ዘፋኞቹን፤ ኦፔራ ላይ ክርክሩ ሁሉ በዘፋኞቹ ነው፣ ደም ያፋስሳል። ከዚያ ዓመቱን።

ዓመቱ ለምን? አንዱን ምክንያት ከጉልድ አይታችኋል። ሌላው ቴክኖሎጂው ነው። በ1913 አርተር ኒኪሽ የበርሊን ፊልሃርሞኒክን ይዞ የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲቀርጽ ማይክሮፎን አልነበረም። በትልቅ ቀንድ መሰል ጡሩምባ ፊት ተጠጋግተው ነበር የሚጫወቱት። እሱን ከፍታችሁ «ድምፁ ቀሽም ነው» ብትሉ ትክክል ናችሁ። ግን ሌላ ነገር እየሰማችሁ ነው፦ ከ100 ዓመት በፊት ሰዎች ይሄን ሙዚቃ እንዴት እንደተረዱት።

የፓብሎ ካሳልስን ነገር ልንገራችሁ። ባኽ ለብቸኛ ቼሎ ስድስት ስዊት (የአጫጭር ክፍሎች ስብስብ) ጽፏል። በባኽ በራሱ እጅ የተጻፈው ጠፍቷል፤ ሚስቱ አና ማግዳሌና የገለበጠችው ነው ከተረፉት ዋናው። ለዘመናት እንደ ጣት ማፍታቻ ነበር የሚታየው። ካሳልስ በ13 ዓመቱ ባርሴሎና ውስጥ አንድ ሱቅ ላይ ኅትመቱን አገኘ። ዕድሜ ልኩን አጠናው። መቅረጽ የጀመረው በ1936 ነው፣ 60 ዓመት ሊሞላው ሲል፤ የጨረሰው በ1939። አገሩ ስፔን ያኔ በእርስ በርስ ጦርነት ትነድ ነበር።

የዚያን ጊዜ ሸክላ አንዱ ገጹ አራት ደቂቃ ተኩል ቢይዝ ነው። ቴፕ ገና አልመጣም፤ ቆርጦ መቀጠል የለም። ጣት ከሳተ ወይ ገጹን እንደ አዲስ መጀመር ነው፣ ወይ ስሕተቱን ተቀብሎ ማለፍ። ካሳልስ ላይ ቀስቱ ክሩን ሲቧጭረው፣ ጣቱ እንጨቱን ሲመታው ይሰማል። በኋላ ቴፕ መጣ፤ መቀስና ማጣበቂያ መጣ። ጉልድ እንዲያውም ከ1964 በኋላ ሕዝብ ፊት መጫወቱን ጭራሽ ትቶ ስቱዲዮ ገባ፤ ከተለያየ ሙከራ የተሻለውን እየቀጠለ መሥራት ይወድ ነበር። ስለዚህ «ስቱዲዮ ነው ኮንሰርት?» የሚለውም ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮንሰርት ከሆነ ጭብጨባው ቢቆረጥ እንኳ አዳራሹ ውስጥ ሰው መኖሩ ያስታውቃል።

አሁን የኔን ገመና ላውጣ። ክላሲካል የጀመርኩት አንድ ሰው በፍላሽ ሞልቶ በሰጠኝ ፋይል ነው። ስሙ ሁሉ «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» ነው። ስልኬ ላይ ገለበጥኩት። ስልኬ ደግሞ ሁልጊዜ ሹፍል ላይ ነው፤ የዘፈን ልማድ። አንድ ወር ሙሉ የአምስተኛውን ሲምፎኒ አራት ክፍል እያገላበጥኩ ሰማሁት። ከአራተኛው ይጀምራል፣ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። መሃል ላይ የሌላ ሰው ክራር ይገባል። እኔም «ዘመናዊ ነገር ነው» ብዬ አደንቃለሁ።

ያጣሁት ምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። በዚህ ሲምፎኒ ሦስተኛው ክፍል አያልቅም። እየደከመ፣ እየደከመ ይሄድና ከበሮ ብቻ በሹክሹክታ ሲመታ ይቀራል። ሌላው ሁሉ ትንፋሹን የያዘ ይመስላል። ከዚያ ሳይቆም፣ ያለ አንዳች እረፍት፣ አራተኛው ክፍል ይፈነዳል። እስካሁን ዝም ብለው የተቀመጡ ትሮምቦን የሚባሉ ትልልቅ ጡሩምባዎች ይነሳሉ። ይሄ ድንበር ላይ ሹፍል ካለ የለም። ሹፍል ባይኖርም አንዳንድ ማጫወቻ በሁለት ትራክ መካከል የግማሽ ሰከንድ ዝምታ ያስገባል፤ እሱም ይበቃዋል ለማበላሸት። ከመክፈታችሁ በፊት ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ያን ክፍተት አጥፉት።

የስልክ ስፒከርም ያታልላል። ይሄው ሦስተኛ ክፍል በቼሎና በትልልቆቹ ባሶች፣ በጣም ዝግ ብሎ ይጀምራል። በስልክ ስፒከር ብትከፍቱት ስልኩ የሞተ ይመስላችኋል። ዳታ ያለቀ መስሎኝ ካርድ የሞላሁበት ቀን አለ። የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ያለው ኢርፎንም ቢሆን ይሻላል።

አፑ ራሱ ደግሞ የተሠራው ለዘፈን ነው። «አርቲስት» በሚለው ቦታ ላይ «ቤትሆቨን» ይጽፍላችኋል፤ ሰውየው ባለፈው ሳምንት ነጠላ ዜማ የለቀቀ ይመስል። የተጫወተው ሰው ስም ከታች በደቃቁ ይገኛል፤ አንዳንዴም የለም። ጓደኛዬ «ቤትሆቨን አልኩህ እኮ» ያለኝ ወዶ አይደለም፣ ስልኩ ነው ያስተማረው።

ታዲያ ለሰው ስትልኩ እንዴት ይጻፍ? እኔ ለእህቴ የላክሁላት አለ፣ እንዳለ ልገልብጠው፦

«ባኽ፣ የቼሎ ስዊት ቁጥር 1፣ ካሳልስ፣ 1930ዎቹ። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ስሚ፣ ሦስት ደቂቃም አይሞላም። ድምፁ ያረጀ ነው፣ እሱን እለፊው። መጨረሻው አካባቢ ደረጃ በደረጃ ሽቅብ ሲወጣ ልብ በይ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያውን ቀና ብለሽ ስታዪ አንገትሽ የሚደክምሽን ዓይነት ነው።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እዩት። ከሁሉም የሚረዳው እሱ ነው። ስሙንና ዓመቱን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። «የት ቦታ ላይ ምን ሰማሽ» የሚለው ግን እናንተ ካልነገራችሁ የትም የለም። «አሪፍ ነው»፣ «ነፍስ ነው» ለማንም አይጠቅምም። «ይሄ ደቂቃ ላይ ይሄን ስማ» ግን የአንድ ሰው ጆሮ ለሌላ ሰው ማዋስ ነው። ብዙም አታብዙ። አንድ ቦታ ይበቃል። ሰዓት ሙሉ ሲምፎኒ ልኮ «ሰማኸው?» ማለት ሰውን ማስጨነቅ ነው።

አንድ የቀረኝ ሰው አለ፤ ያውም እዚሁ እኛ ጋ የነበረ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ። በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው ቫዮሊን ተማሩ፣ በኋላም ካይሮ። ከዚያ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። በ1960ዎቹ የያሬድን ዜማ ለማጥናት ጎንደር ነበሩ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ የቆሎ ተማሪዎች ሲለምኑ፣ ደጀ ሰላም ላይ ተኝተው ሲያድሩ ያያሉ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው ፒያኖ ነው። በዚያው በ1960ዎቹ የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን ውስጥ ወጣ፤ ዓላማው እነዚያን ልጆች መርዳት ነበር። ኢየሩሳሌም ውስጥ በ2023 አረፉ፣ በ99 ዓመታቸው።

የእሳቸውን ሙዚቃ ለሰው በምልክበት ጊዜ ለረጅም ዘመን «የማን?» የሚለው ጥያቄ አልነበረብኝም። የደረሱትም የተጫወቱትም እሳቸው ናቸው። ምቱ የሚሰፋውና የሚጠበው እንደ እስትንፋሳቸው ነው፤ ሜትሮኖም ቢያስቀምጡበት ያብዳል። አሁን ግን ኖታቸው ታትሟል። ሌሎች ፒያኒስቶችም ይጫወቱታል። በቅርቡ አንዱን ከፈትኩና ድምፁ ሁሉ ልክ ነው፣ ምቱም ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ያስቸገረኝ። ያ ሰው ግን አልተሳሳተም፤ ኖታው ላይ ያለውን ነው የተጫወተው። አሁን እኔም የእማሆይን ሙዚቃ በምልክበት ጊዜ ስማቸውን ሁለት ጊዜ ነው የምጽፈው፦ አንዴ እንደ ደራሲ፣ አንዴ እንደ ተጫዋች።

ወደ አዘዞው ጓደኛዬ ልመለስ። ዝናቡ ሲያባራ ይሄን ሁሉ አሳጥሬ በድምፅ መልእክት ላክሁለት። አምስት ደቂቃ ቆይቶ መለሰ። «እሺ፣ ገባኝ። ግን እኔ ጋ ያለው ትራክ 05 ነው የሚለው። የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሲጥ የሚል የሸክላ ድምፅ አለው ወይ አልኩት። የለውም። የመጀመሪያው ክፍል ስንት ደቂቃ ነው? ሰባት ከምናምን። ይሄ ብዙ ሰው ነው። ያቺን አራተኛዋን ድምፅ ይይዛታል ወይስ ይለቃታል? «ይለቃታል መሰለኝ» አለ። ጠበበ። «ሰው ይሰማል? ስቱዲዮ ነው ኮንሰርት?»

ዝም አለ። እየሰማ ነው። እኔ የጁሱን ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ። ፒያሳ ውሃው ገና ይወርዳል፣ ሊስትሮዎቹ ከታዛው ሥር እየወጡ ነው። ስልኬ ጮኸ።

«አንድ ሰው ያስላል። ሁለተኛው ክፍል ላይ።»

«ስንተኛው ደቂቃ?» አልኩት።